ባሰ ባዮች

ኤሌኒ የስልኳን ሰዓት ቆጣሪ ልትነካ ስትል ሽማግሌው መዳፋቸውን በጀሪካኑ አፍ ላይ ከደኑና አስቆሟት።

«ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ንገሪኝ። ከየትኞቹ ነሽ? ከተሻለ ባዮቹ ነሽ ከባሰ ባዮቹ?»

ጥያቄው አልገባትም። ከኋላዋ የቆመው ሾፌሩ ሐምዛ ግን ገብቶታል መሰል፣ ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረና ትከሻው በሳቅ ተንቀጠቀጠ።

አያ አለነ የጎጡ የውኃ አባት ናቸው። የማን ማሳ በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ፣ የማን ጀሪካን ከማን እንደሚቀድም የሚወስኑት እሳቸው ናቸው፤ ሕዝቡ መርጦ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አስምሎ ነው የሾማቸው። አሁንም እንደ ዳኛ ረጋ ብለው አስረዷት። ከእነኤሌኒ ድርጅት በዓመት ሁለት ጊዜ ሰው ይመጣል። በኅዳር የሚመጡት ተሻለ ባዮች ናቸው፤ ውኃው ጨመረ፣ ሕዝቡ ተጠቀመ የሚለውን ሰምተው ይሄዳሉ። በመጋቢት የሚመጡት ባሰ ባዮች ናቸው፤ እነሱ የደረቀውን፣ የተሰነጠቀውን፣ የከሳውን ይፈልጋሉ። ጎጡም እንደ እንግዳው ይሰናዳል።

«ሁለቱም ሸጋ ሰዎች ናቸው» አሉ። «ለእንግዳ የሚወደውን ማቅረብ ደግሞ ያገራችን ወግ ነው። አንቺ ግን ሳታስነግሪ መጣሽ፤ የምትወጅውን ካወቅሁ...»

«እኔ የምወደው የለም። እጅዎን ያንሱልኝ፣ አያ አለነ።»

አነሱ። ከድንጋዩ ስንጥቅ በሚወጣው የላስቲክ ቱቦ የሚወርደው ውኃ እንደ ክር የቀጠነ ነበር። ኤሌኒ ቆጣሪውን ነክታ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ጎንደር አራዳ፣ ከጨርቅ መደብሮች በላይ ባለው ፎቅ ላይ ካለው ድርጅት ከተቀጠረች ሦስት ዓመቷ ነው። በኅዳር ለአገር ቤት ስብሰባ የሚቀርበው ሪፖርት በአማርኛ ይጻፋል፤ በአማርኛው ሁሉም ነገር «መሻሻል አሳይቷል»። በመጋቢት ገንዘብ ለሚሰጡት የውጭ ሰዎች የሚላከው ደግሞ በእንግሊዝኛ ነው፤ በእንግሊዝኛው ሁሉም ነገር እየባሰበት ይሄዳል። እንግሊዝኛው የእሷ ድርሻ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው እሱኑ ስለሆነ ቃል አይቸግራትም። ትንሽ ሲቀንስ ዲክላይን፣ ሲበላሽ ዲቴሪዮሬት፣ ሲሟጠጥ ዲፕሊትድ። አምና ሥራ አስኪያጁ አንዱዓለም ከወንበሯ ጀርባ ቆሞ የዚህን ምንጭ ገጽ አነበበና «ከዚህ ከበድ ያለ የለም?» አላት። አሰበችና «ኮላፕስድ» ብላ ጻፈች። ጨርሶ ተደረመሰ፣ አለቀለት እንደ ማለት ነው። አንዱዓለም ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። እሷም ደስ አላት። ምንጩን ግን አይታው አታውቅም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ከገንዘብ ሰጪዎቹ ደብዳቤ መጣ። ትሕትና ያለው፣ ግን የማያምን ሰው ደብዳቤ ነው። አምና ምንጩ ኮላፕስድ ብላችኋል፤ የተደረመሰ ምንጭ ይዞ ስድሳ አባወራ ዘንድሮ ምን ይጠጣል? እስከ ዓርብ ካላስረዳችሁን ለቧንቧው የያዝነውን ገንዘብ ወደ ሌላ ቦታ እናዞራለን። ቧንቧው ከላይኛው ተራራ ካለው ትልቅ ምንጭ ውኃ የሚያወርድ ነው፤ ጎጡ አራት ዓመት ጠብቆታል። የመስክ ሠራተኛው አዘዘ መንገዱ ለወራት ተዘግቶ ከርሞ እንኳ «ሄጄ አረጋግጫለሁ» የሚል ወረቀት ልኳል። ኤሌኒ የዘንድሮውን ወረቀት ከአምናው ጋር አስተያየችው። ከቀኑ በቀር አንድም ፊደል አልተለወጠም። ስለዚህ ለአዘዘ ሳትነግረው ራሷ መጣች።

ሃያ ሊትሩ ጀሪካን በአሥር ደቂቃ ከአሥራ ስምንት ሰከንድ ሞላ።

በጣም ጥቂት ነው። በጣም ጥቂት መሆኑ ደግሞ ይበልጥ አጠራጠራት። ተነሥታ ከስንጥቁ በላይ ወዳለው ቁጥቋጦ ወጣች። ብዙም አልፈለገች። የጭቃ ጓልና የበሰበሰ የማዳበሪያ ከረጢት በድንጋዮቹ መሐል ተጥሎ አገኘች። ይዛው ወረደችና በሽማግሌው እግር ሥር ጣለችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ውታፍ ነው» አሉ ሳያመነቱ። «አምና ዘጋነው። አዘዘ ፎቶ ይነሣል ዝጉት አለን፣ ዘጋነው። ሲሄድ ከፈትነው።»

«ዘንድሮስ?»

«ዘንድሮ አልዘጋነውም። ዘንድሮ ራሱ ነው የተዘጋ።»

«እንዴት ብዬ ልመንዎት?»

ሽማግሌው ከአንገታቸው መቁጠሪያቸውን አወለቁ። በየወሩ በሚካኤል ዕለት አንድ ጀሪካን ከቱቦው ሥር ያስቀምጣሉ፤ እስኪሞላ ድረስ አቡነ ዘበሰማያት ይደግማሉ። የዛሬ ሁለት ዓመት በመጋቢት ዘጠኝ አቡነ ዘበሰማያት ነበር። አምና በመጋቢት፣ ውታፉ ከተነሣ በኋላ፣ አሥራ አራት። ዘንድሮ በዚሁ ወር ሠላሳ አንድ። ኤሌኒ አንዴ እንዲደግሙላት ጠየቀችና በስልኳ ያዘች፤ ሃያ ሰከንድ። በልቧ አባዛችው። ከቆጠረችው ጋር ገጠመ።

አስቀድሞ የተሰናዳ ሰው ቁጥርም ሊገጥም ይችላል። ሴቶቹ ከበቡና እያንዳንዳቸው ከሌላዋ የባሰ ተናገሩ። አንዷ ላሟ በውኃ ጥም ወደቀች አለች፤ ሌላዋ፣ ላሞቼ ሁለት ናቸው የወደቁት አለች። ኤሌኒ ሁሉንም ጻፈችና አንዱንም አላመነችም። ወደ ጎንደር መመለሳችን ነው ብላ ተሰናብታ መኪናው ውስጥ ገባች።

መካነ ብርሃን ሲደርሱ ሐምዛን አቁም አለችው።

«እዚህ እናድራለን። ጧት ተመልሰን እንወጣለን።»

«ምን ረሳሽ?»

«ምንም። ስልክህን ስጠኝ።»

ሐምዛ መሪውን እንደ ያዘ አያት። አብረው ሲሠሩ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል፤ ልጁ ሲወለድ ሦስት ጊዜ አዘዞ ድረስ ሄዳ ጠይቃለች።

«ሚስቴ እንኳ እንዲህ ብላ አታውቅም» አለ።

«ሚስትህ የአዘዘ ጓደኛ አይደለችም።»

«እኔስ ብሆን? ጓደኝነት ኃጢአት ሆነ?»

«አልሆነም። ስልኩን ስጠኝ።»

ሰጣት። ራት በልተው ሲጨርሱ፣ እጁን እየታጠበ፣ ለቤቱ ደህና ነኝ ብላ እንድትጽፍለት አዘዛት፤ በአማርኛ ይሁን፣ በእንግሊዝኛ ከጻፍሽው ሞቷል ብለው ይነሣሉ አላት። ሳትስቅ ጻፈች።

ጧት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። መኪናውን ከጎጡ ራቅ አድርገው አቁመው በእግር ሄዱ። ኤሌኒ የሐምዛን ጋቢ እስከ አፍንጫዋ ተከናንባ ነበር። ምንጩ ጋ ስትደርስ ያየችው ወረፋ ከትናንቱ ጋር አይገናኝም። ጀሪካኖቹ ከቱቦው ጀምሮ እስከ አጥሩ ተደርድረዋል፤ በየእጀታው የተለያየ ቀለም ያለው እራፊ ታስሯል። ሴቶቹ እርስ በርስ ተደጋግፈው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። የሚያወራ የለም። ኤሌኒ ከመጨረሻዋ ሴት አጠገብ ተቀመጠች። ሴትዮዋ አየለች ትባላለች፤ ትናንት አልነበረችም።

«ውኃው እንዴት ነው?» አለቻት።

«ተመስገን፣ ደህና ነው።»

«መቼ መጣሽ?»

«ዶሮ ሲጮህ።»

«ታዲያ ይኼ ደህና ነው?»

አየለች ጥያቄው እንደ ብልግና ሆኖባት ዞር ብላ አየቻት። «ምነው እቴ? የባሰ አታምጣ ነው እንጂ ምን ይባላል?»

ኤሌኒ ዛሬ ማስታወሻ ደብተሯን ያወጣችው ያን ጊዜ ነው። ትናንት እንግዳ ሲያዩ ሴቶቹ ላሞቻቸውን አንድ በአንድ ጣሉ፤ ዛሬ እንግዳ የለም ብላ ያሰበችው ደግሞ ታመሰግናለች። ከትናንቱ ስሞታ ሁሉ ያች አንዲት «ተመስገን» ከበደቻት።

አያ አለነ ከቱቦው አጠገብ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል፤ ከዚያ ሆነው አላዩአትም። አንዲት ወጣት ሴት፣ ሁለት ጀሪካን ይዛ፣ ከመሐል ልትገባ ስትል ዱላቸውን ከፊቷ ዘረጉ።

«አንድ ቤት አንድ።»

«አባ፣ ልጁ ሌሊቱን ሲያስቀምጠው አደረ። ማጠቢያ የለኝም።»

«ሰማሁ። አንድ ቤት አንድ።»

«የልጅዎ ልጅ ነው እኮ።»

«የማን እንደሆነ ጠፍቶኝ ነው? ወለላ፣ ወረፋሽን ያዥ።»

ወለላ አንዱን ጀሪካን በእግሯ አሽቀንጥራ ወደ ኋላ ተመለሰች። ማንም አልደረበላትም። ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን መቁጠር ጀመሩ። ኤሌኒ ተነሥታ ወደ እሳቸው ሄደች።

አያ አለነ ከጋቢው በላይ ያለውን ዓይኗን ሲያዩ ወዲያው አወቋት። «ትናንት ሄድሁ አላልሽም?»

«ዋሸሁዎት።»

«ሸጋ» አሉ። «እንግዲያስ ተካከልን።»

ከወረፋው ፈቀቅ ብለው ቆሙ። ኤሌኒ ነገሩን ሳታለዝብ ነገረቻቸው። ሰዎቹ ማመን ትተዋል። የአምናውን ውታፍ ከጻፈችው እውነቱን ተናገራችሁ ብለው ሊምሩ ይችላሉ፤ አታላዮች ናችሁ ብለው ቧንቧውን ጨርሰው ሊወስዱትም ይችላሉ። ካልጻፈችው ደግሞ የዘንድሮውን ቁጥር የሚያስረዳ ነገር የለም። የትኛው እንደሚሆን እሷም አታውቅም።

ሽማግሌው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«እኔ ስለ ውታፉ ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ» አሉ። «ስግደት አዘውኝ ጨርሻለሁ፤ ጉልበቴን የበላኝ እሱ ነው። ያንቺው ወረቀት ላይ መጻፉ አያስፈራኝም። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ውኃው ጨርሶ ከሄደ ይህን ሕዝብ በዱላ ላቆመው አልችልም። አሁን ሰው የሚሰማኝ ተራው ስለሚደርሰው ነው።» ከዚያ ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩአት። «አንቺስ ለማን ትናገሪያለሽ?»

ተሰናብታቸው ወደ መኪናው ወረደች። ለሐምዛ ስልኩን መለሰችለት።

ዓርብ ጧት አንዱዓለም ቢሮው ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ሰማት። ውታፉን ስትነግረው አልተገረመም፤ እሷም እንዳልተገረመ ልብ አለች።

«ለአዘዘ ዝጋው ያልከው አንተ ነህ?»

«ፎቶ አስፈልጎን ነበር።» ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋ። «ኤሌኒ፣ ውኃው እየቀነሰ ነበር እኮ። የራሳቸው ሰውዬ ከዘጠኝ ወደ አሥራ አራት ወጣ አላሉሽም? እኛ ነገሩን ትንሽ ቀደምነው እንጂ አልዋሸንም። ይኸው፣ ዘንድሮ ደረሰበት።»

«ዘንድሮ ሲደርስበት ማን አመነን?»

«ያምናሉ። ስሚኝ። ክረምቱ ጥሩ ነበር፣ ምንጩ በመጠኑ አገገመ፣ ከዚያ በበጋው እንደገና ዲቴሪዮሬት አደረገ፤ በቃ። አምና ኮላፕስድ፣ በመሐል ማገገም፣ አሁን እንደገና መባስ። ተፈጥሮን ማንም አይከስስም።»

ኤሌኒ ታሪኩን በልቧ ገለበጠችው። ጥሩ ነበር። ከየትም በኩል ቢጎትቱት የማይተረተር፣ እሷ ራሷ ብታስብ የማትደርስበት ብልህ ውሸት ነበር። ገንዘብ ሰጪዎቹ ሳይቀበሉት አይቀሩም። ቧንቧውም ይዘረጋ ይሆናል።

«ካልሆነስ?» አለች። «በመሐል ማገገሙን በምን አወቃችሁ ብለው ቢጠይቁን?»

«አዘዘ ወረቀት ይጽፋል።»

«እሱን ነው የምፈራው፣ ጋሽ አንዱዓለም። አዘዘ ሁልጊዜ ወረቀት ይጽፋል።»

ፊቱ ጠቆረ። ይህ ቢሮ አሥራ አንድ ሰው እንደሚያበላ፣ ሁለቱ በቅርቡ የወለዱ እንደሆኑ፣ የእሷም ኮንትራት በሰኔ እንደሚያልቅ ነገራት፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። ከዚያ የሚያመውን ነገር ሳይቸኩል አወጣው።

«ደግሞ ጻድቅ አትሁኝብኝ። ከበድ ያለ ቃል ስልሽ ኮላፕስድን ያመጣው ማን ነበር?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው የጋራችን ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ላኪው፣ ለእኔም ቅጂ አድርጊ።» ለስብሰባ ወጣ።

ኤሌኒ ጠረጴዛዋ ላይ ቁጭ ብላ መጀመሪያ እሱ ያላትን ጻፈች። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። አነበበችው፤ ያምር ነበር። ሰረዘችው። ቀጥላ እውነቱን ልትጽፍ ሞከረች፤ እዚህ ላይ ግን እንግሊዝኛዋ ከዳት። ዲክላይን ብትል ከአምናው ኮላፕስድ ጋር ሲተያይ ምንጩ የተሻለው ይመስላል። ዲቴሪዮሬት ብትልም ያው ነው፤ የተደረመሰ ነገር እንዴት ይበላሻል? ከኮላፕስድ በላይ ደግሞ ቃል የለም። አምና ለሰው ሠራሽ ውታፍ ቃሉን ሁሉ አውጥታ ጨርሳዋለች፤ ዘንድሮ የወለላ ልጅ ማጠቢያ ሲያጣ የምትጠራው አንድም አልቀራትም።

ቅጽሎቹን ሁሉ ተወቻቸው። አምና ምንጩ እንዳልተደረመሰ፣ ለፎቶ ተብሎ እንደተዘጋ፣ ያስዘጋው ድርጅቱ እንደሆነ፣ ቃሉን የመረጠችው እሷ እንደሆነች፣ ምንጩን ሳታየው እንደመረጠችው ጻፈች። ዘጠኝ፣ አሥራ አራት፣ ሠላሳ አንድ። አንዱ አቡነ ዘበሰማያት ስንት ሰከንድ እንደሚወስድ አስረዳች። ከጧቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስንት ጀሪካን ተሰልፎ እንደነበረ ጨመረች። መልሳ ስታነበው ደረቅ ነው፤ ማንንም አያስለቅስም። ካሁን በፊት የዋሸች ሴት የጻፈችው ስለሆነ ደግሞ የሚያምኑበት ምክንያት የላቸውም። እሷ በእነሱ ቦታ ብትሆን አታምነውም ነበር።

ሐምዛ በበሩ ብቅ ብሎ ምሳ አትበይም ወይ አላት። ቆይ አለችው። ማያ ገጹን ከሩቅ አየና፣ ባሰ ነው ተሻለ ብሎ ጠየቃት። አላውቅም አለችው። ዛሬ ስልኩን አልጠየቀችውም፤ እሱም ሳይጠየቅ ኪሱን ገልብጦ አሳያትና ሄደ።

እንደገና ወደ ደብዳቤው ተመለሰች። እኔ በምን አመንኩ ብላ ራሷን ጠየቀች። በቁጥሩ አይደለም፤ በስሞታውም አይደለም። መምጣቷን ማንም ባላወቀበት ሰዓት ስለደረሰች ነው።

ከስሟ በላይ አንድ አንቀጽ ጨመረች። የጻፍኩትን አትመኑ፤ የጎጡ ሰዎች የሚነግሯችሁንም አትመኑ። ገንዘቡን ከማዞራችሁ በፊት አንድ ሰው ላኩና ጎህ ሲቀድ ምንጩ አጠገብ ይቀመጥ። የሚመጣበትን ቀን ግን ለድርጅታችን አትንገሩ። ለሥራ አስኪያጃችንም፣ ለመስክ ሠራተኛውም፣ ለሾፌሩም። ለእኔም ጭምር።

ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ነበር። የአንዱዓለምን አድራሻ በቅጂው ቦታ አስገባችና ላከችው።